ጉና ዞር አይልም፤ አንተ ዙር!

«ደመናው ስስ ነው፤ ሰንጥቄው እወጣለሁ።»

መግባቱን ማን ይከለክልሃል? ደመና በር የለው፣ ዘበኛ የለው፣ መታወቂያ አይጠይቅ። ነገሩ ያለው መውጫው ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር ሰማይ የሚዞረው ዝናብ ያረገዘ ደመና ብቻ አይደለም፤ ድንጋይ ያረገዘም አለ። የድንጋዩም ስም ጉና ነው።

የዛሬው ተረብ ለሦስት ሰው ነው፦ እያየ መብረር ሲገባው ወደማያይበት ለሚገባ አብራሪ፣ «ግባ!» ለሚለው አለቃ፣ «ምን ያስቆመናል?» ለሚለው ተሳፋሪ። ሰማይ ላይ የተፈቀዱ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በዓይን መብረር ነው፤ አብራሪው መሬቱን፣ አድማሱንና ሸንተረሩን እያየ ይሄዳል። ሁለተኛው በመሣሪያ መብረር ነው፤ ለዚያ የሠለጠነ፣ ፈቃድ ያለው፣ አውሮፕላኑም የተሟላለት ሰው በታወቀ መስመርና በታወቀ ከፍታ፣ ውጭውን ባያይም ይደርሳል። ሰው የሚፈጀው ሦስተኛው ነው፤ በዓይን ጀምሮ፣ ዓይን ከማይሠራበት ገብቶ፣ በተስፋ መቀጠል። ይህን መንገድ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም። ሰበቡ ግን ሞልቷል። ሰበቡን ተራ በተራ እንቀበለው።

«አገሩን ጎጥ በጎጥ አውቀዋለሁ።»

አንተስ ታውቀዋለህ፤ እሱ ግን አያውቅህም። ቢያውቅህም መንገድ አይለቅልህም። የጣና ውኃ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከእሷ በስተምሥራቅ ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ተነሥቶ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ይለቃል። ይህ ሁሉ ዳገት 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ነው። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትንሽ አውሮፕላን በደቂቃ 4 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ተራራው ደረት ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ከፊትህ የሚታይህ 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ካየኸው ድንጋይ ጋር የምትገናኘው በ15 ሰከንድ ነው። አገር የሚታወቀው በዓይን ነው፤ ዓይንህን ደመና ከያዘው ዕውቀትህም አብሮ ተይዟል።

«ደመናውን እሸሸዋለሁ፤ ሰማዩ ሰፊ ነው።»

ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ደመናው ግን ቦታ ይመርጣል። በክረምት ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ዳገቱን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ጉም፣ ጉሙ ደመና ይሆናል። ስለዚህ ደመናው የሚወለደው ከሸንተረሩ ደረት ላይ ነው። ደመናና ድንጋይ በደቡብ ጎንደር የሚገናኙት በአጋጣሚ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ይጠራዋል። ጠዋት የጠራው ሸንተረር ከሰዓት በኋላ ሊዘጋ ይችላል፤ ስትሄድ ያለፍክበት በርም ስትመለስ ክፍት ሆኖ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም።

«ከፍታ መለኪያዬ 3,500 ሜትር ይላል፤ ምን ያሰጋኛል?»

መለኪያው አልዋሸም፤ አንተ ነህ ያልተባለውን የሰማኸው። 3,500 ሜትር ያለው ከባሕር ወለል ነው፤ ከጉና አላለም። እዚያ ከፍታ ላይ ሆነህ የጉና ጫፍ ከራስህ በላይ 600 ሜትር ይቀረዋል። ጣና ላይ ያኮራህ ቁጥር ጉና ሥር መቃብርህ ነው።

«እንግዲያው ከደመናው በላይ እወጣለኋ!»

በየትኛው ጉልበት? 3,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው የሚወፍረው። ተርቦ (አየር መጭመቂያ) የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል፤ ክንፉም የሚይዘው አየር ያጣል። ተራራማ አገር ላይ በመሣሪያ የሚበር ሰው በ8 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ካለው ከፍተኛ ነገር ቢያንስ 600 ሜትር ከፍ ብሎ እንዲበር ዓለም አቀፉ ደንብ ያዛል። ጉና አጠገብ ይህ ማለት ከ4,700 ሜትር በላይ ነው። ሌላም አለ፦ 13,000 ጫማ፣ ማለትም 4,000 ሜትር ገደማ ሲታለፍ አብራሪው ያለማቋረጥ ኦክስጅን መሳብ አለበት፤ የጉና ራስ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ኦክስጅን ሲጎድል ቀድሞ የሚደክመው ፍርድ ነው፤ ፍርዱ የደከመ ሰው ደግሞ መድከሙን ራሱ አይፈርድም። ስለዚህ ወደ ላይ የሚደረገው ሽሽት ሞተር፣ ክንፍና አእምሮ አንድ ላይ የሚከዱበት ሽሽት ነው።

«ሕጉ ለፈረንጅ ሜዳ የወጣ ነው፤ እዚህ አይሠራም።»

ሕጉ ከማንም ይልቅ ለአንተ ነው የወጣው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ከ10,000 ጫማ፣ ማለትም ከ3,050 ሜትር በላይ በዓይን የሚበር ሰው ቢያንስ 8 ኪሎ ሜትር አጥርቶ እንዲያይ ይላል። ከደመና ደግሞ በጎን 1,500 ሜትር፣ በላይና በታች 300 ሜትር መራቅ አለበት። ከዚያ ከፍታ በታች 5 ኪሎ ሜትር ማየት ይበቃል። ለቆላው አብራሪ 3,050 ሜትር ሩቅ ሰማይ ነው፤ ከደብረ ታቦር ጣሪያዎች በላይ ግን 350 ሜትር ብቻ ነው። ጥብቁ ሕግ የሚጀምረው በከተማችን ራስ ላይ ነው። 8 ኪሎ ሜትር ደግሞ ለዚያ በደቂቃ 4 ለሚሄደው አውሮፕላን ሁለት ደቂቃ ነው፤ ለማየት፣ ለመወሰንና ለመዞር የተሰጠ ሁለት ደቂቃ። በዝቶብህ ከሆነ፣ ስንት ይቀነስልህ?

«ሰውነቴ ይነግረኛል፤ መሣሪያ ላይ አላፈጥም።»

ሰውነትህ መሬት ላይ ታማኝ ነው፤ ደመና ውስጥ ግን ሐሰተኛ ምስክር ነው። ጆሮህ ውስጥ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ጠማማ ቧንቧዎች አሉ፤ ስትዞር የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። መዞሩ በጣም ቀስ ያለ ከሆነ አይሰማቸውም። አንድ ዓይነት ሆኖ ሃያ ሰከንድ ያህል ከቀጠለ ደግሞ ፈሳሹ ከቧንቧው ጋር እኩል ይሄድና «ቆመሃል» ይሉሃል፤ አንተ ግን እየዞርክ ነው። ክንፉን ስታቃና ደግሞ «ወደ ሌላው ጎን ተጋደምክ» ይሉሃል። አንተም ታምናቸውና ወደነበርክበት ትመለሳለህ። አፍንጫው ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ለማንሣት መሪውን ትስባለህ፤ ክንፉ እንዳጋደለ መሳቡ ግን ጥምዝምዙን ያጠብቀዋል እንጂ ሽቅብ አያወጣህም።

ይህ ግምት አይደለም፤ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሣሪያ መብረር ያልሠለጠኑ 20 ሰዎችን አስተማሪ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ውጭውን ጋርደው አበረሯቸው። ሃያውም አውሮፕላኑን መቆጣጠር ተሳናቸው። 19ኙ እየተጠማዘዙ ቁልቁል ወረዱ፤ አንዱ አፍንጫውን ከመጠን በላይ አንሥቶ ክንፉ ከዳው። ፈጥኖ የተሸነፈው በ20 ሰከንድ፣ ብዙ የቆየው በ8 ደቂቃ፤ አማካዩ 178 ሰከንድ ነበር። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ሠልጥነው እንደገና ሲፈተኑ ግን እነዚያው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በሰላም ዞረው ወጡ። በመጀመሪያ የከዳቸው ሰውነታቸው ነው፤ በኋላ ያዳናቸው ደግሞ ሰውነታቸውን አለመስማታቸው።

«ጂፒኤስ አለኝ።»

ጂፒኤስ የት እንዳለህ ይነግርሃል፤ ክንፍህ መጋደሉን ለማወቅ የአድማስ መለኪያውን ማየት፣ ማየት ብቻ ሳይሆን ማመንን መልመድ አለብህ። ያልለመደው ሰው መሣሪያ በሞላበት ክፍል ውስጥ ዕውር ነው።

«የደብረ ታቦር ልጅ ደመና አይፈራም!»

ከደብረ ታቦር በዓል ምን ተማርክ ታዲያ? ነሐሴ 13 ቀን፣ በክረምቱ እምብርት፣ ጅራፍ እያስጮህንና ሙልሙል እየተቀበልን የምናከብረው በዓል ደመና አለበት። ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ በታቦር ተራራ ደመናው ሲውጣቸው ፍርሃት እንደያዛቸው ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል። ሐዋርያት የፈሩትን አንተ የናቅኸው በየትኛው ማዕረግ ነው?

«ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን መቅደላ አላደረሱም? የእኛ ሰው እንቢ ካለ እንቢ ነው!»

አደረሱ፤ እንዴት እንዳደረሱ ግን ጨርሰህ ተናገር። ጋፋት ላይ የተሠራው መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጅቷል። ገደሉ ታይቶ፣ ድንጋዩ ተፈንቅሎ፣ መንገዱ ተጠርጎ ነው ያለፈው። ንጉሡ ራሳቸው ሥራው ላይ ቆመው ነበር። ዳገቱን ሳያዩ አልገፉትም፤ ቁልቁለቱን ሳያዩ አልለቀቁትም። የቴዎድሮስን እንቢታ የምትወድ ከሆነ ትዕግሥታቸውንም ውረስ።

«ክቡርነታቸው ቸኩለዋል፤ ስብሰባ አለባቸው።»

ክቡርነትዎ፣ ደመና ፕሮቶኮል አያውቅም። ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢራኑ ፕሬዚዳንት ኢብራሂም ራይሲ በተራራማው የምሥራቅ አዘርባጃን ግዛት ጉም ውስጥ በሄሊኮፕተር አደጋ ከሰባት ሰዎች ጋር ሞቱ። የአገሪቱ ጦር ኃይሎች ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት ሄሊኮፕተሩ ድንገት በተነሣ ጥቅጥቅ ያለ ጉም ውስጥ ገብቶ ከተራራ ጋር ተላትሟል። ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የማላዊው ምክትል ፕሬዚዳንት ሳውሎስ ቺሊማ የተሳፈሩበት አውሮፕላን በዕይታ መጥፋት ምክንያት ምዙዙ ላይ ማረፍ አቃተው፤ «ወደ ሊሎንግዌ ተመለሱ» ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። የተሳፈሩት ዘጠኙም ሰዎች ቺካንጋዋ ጫካ ውስጥ ሞተው ተገኙ።

ቅርባችን ደግሞ የደቡብ ሱዳኑ ታጋይ ጆን ጋራንግ አሉ። ከሃያ ዓመት በላይ ጫካ ለጫካ ተዋግተው፣ ጥይት ስቷቸው፣ ሰላም ፈርመው፣ የሱዳን ቀዳማዊ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። ሐምሌ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ከዑጋንዳ የተነሣው ሄሊኮፕተራቸው በመሸና በከፋ አየር ደቡብ ሱዳን ተራሮች ላይ ተከሰከሰ። የሞታቸው ወሬ ካርቱም ሲደርስ ሁከት ተነሥቶ ሌላ ሕይወት አለፈ። ጦርነት ያልገደለውን ሰው አንድ ምሽት ያለመታገሥ ወሰደው። ክቡርነትዎ ቸኩለው ከሆነ፣ የሚቸኩሉለት ጉዳይ እርስዎ በሕይወት ካልደረሱ ማን ይፈጽመዋል?

«እኛ የምንሄደው ለተራበ ሕዝብ ነው፤ ፈጣሪ ይጠብቀናል።»

ወንድሜ፣ ይህን ሰበብ በቁጣ አልመልሰውም፤ ግን እመልሰዋለሁ። ሚኪ ሌላንድ የሚባሉ ከሂውስተን፣ ቴክሳስ የተመረጡ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ በምክር ቤቱ የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ እንዲቋቋም ታግለው የመሩት እሳቸው ናቸው። ከደርግ መንግሥት ጋር አገራቸው በተኳረፈችበት ዘመን እንኳ ለኢትዮጵያ ርሃብተኛ እህል እንዲመጣ ይሟገቱ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. በክረምቱ መሐል በዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ትዊን ኦተር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ተነሡ። ካምፑ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች፣ ብዙ ወላጅ አልባ ሕፃናትም የተጠለሉበት ነበር። አውሮፕላኑ አልደረሰም። የኢትዮጵያና የአሜሪካ አውሮፕላኖች በአንድነት ደመናና ዝናብ እየተጋፉ ምዕራቡን አገር ፈለጉ። በስድስተኛው ቀን ስብርባሪው ተራራ ላይ ተገኘ። አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን፣ በጠቅላላ 16 ሰዎች ነበሩ፤ አንድም አልተረፈም።

ካምፕ አጠገብ ባለ ሜዳ የሚያርፍ አብራሪ ማረፊያውን በዓይኑ ፈልጎ ነው የሚያገኘው። በክረምት ይህ ማለት ከደመናው ሥር፣ ከተራራው ጎን መግባት ነው። ከዚያች ቀን አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላ ሳምንት ያህል ሲቀረው የዚያው ጦርነት መሪ የነበሩት ጋራንግም በክረምት ተራራ ላይ አለቁ። ሊጎበኝ የሄደውም፣ ያዋጋውም በአንድ ዓይነት ሞት ሄዱ። እንግዲህ ፈጣሪ ቅን ሰው አይወድም ልትለኝ ነው? አይደለም። ፈጣሪ ለአብራሪ ዓይን ሰጥቷል፤ ዓይኑ አልሠራም ሲለው ደግሞ የሚዞርበት ክንፍ ሰጥቷል። የተራበ ሰው እህሉ አንድ ቀን ቢዘገይበት ይጎዳል፤ የሚሟገትለት ሰው ሲሞትበት ግን ለዘመናት ይጎዳል። የዕርዳታ በረራ ከማንኛውም በረራ ይልቅ መጠንቀቅ ያለበት ለዚህ ነው፤ የተሳፈረው ሰው የብዙ ሰው ነው።

«ከፊታችን የሄዱት አልፈዋል እኮ።»

ከራይሲ ጋር የተነሡት ሄሊኮፕተሮች ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ በሰላም ደረሱ። የሁለቱ መድረስ ለሦስተኛው ምን ጠቀመው? የቀደመህ ሰው ማለፉ ያን ጊዜ መንገድ እንደነበር ይነግርሃል፤ አሁን መኖሩን አይነግርህም። ይልቅ ያልሄዱትን ጠይቅ። ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በጉሙ ምክንያት ሄሊኮፕተሮቹን አላስነሣም ነበር። የቅርጫት ኳሱ ኮከብ ኮቢ ብራያንት፣ የ13 ዓመት ልጁና ሌሎች ሰባት ሰዎች የተሳፈሩበት ግን በረረ፤ ካላባሳስ ኮረብታ ላይ ዘጠኙም አለቁ።

«የእኛ አብራሪ ግን ልምድ አለው።»

የኮቢ አብራሪም ነበረው። በሺህ የሚቆጠር ሰዓት በርሯል፣ በመሣሪያ የመብረር ፈቃድም ነበረው። ለተቆጣጣሪው «ወደ 4,000 ጫማ እየወጣሁ ነው» ሲል ሄሊኮፕተሩ ወደ ግራ እየዞረ ቁልቁል እየወረደ ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የአደጋውን መንስኤ በዓይን እየበረሩ ወደ ደመና መቀጠል፣ ከዚያም የተከተለው የአቅጣጫ መሳት ነው ብሏል። አብራሪው ራሱን በራሱ ማጣደፉንም ጠቅሷል፤ ከተሳፋሪው ግፊት ስለመምጣቱ ማስረጃ አልተገኘም። ይህ ነው ልብ የሚነካው፦ ማንም «ግባ» ሳይለው፣ የሚያከብረውን ሰው ላለማሳፈር ብሎ የሚገባ አብራሪ አለ። ስለዚህ ተሳፋሪው ዝም ማለቱ አይበቃም፤ «ካላየህ እንመለስ፤ አላዝንብህም» ብሎ አስቀድሞ በአፉ መናገር አለበት።

«የተመለሰ ፈሪ ነው። ፈሪ ለእናቱ!»

እሰይ! ለእናቱ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው? መዞርስ የፈሪ ሥራ መሰለህ? በደንቡ ልክ የሚዞር አውሮፕላን ወደ ኋላ ለመመለስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያስፈልገዋል። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ለሚሄደው ይህ ዙር 2.5 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ቦታ ይጠይቃል። አየሩ በሳሳበት ደጋ ደግሞ መለኪያው ያንኑ ፍጥነት እያነበበ አውሮፕላኑ በእውነት ይፈጥናል፤ 3,000 ሜትር ላይ፣ በዚያው የክንፍ ማጋደል፣ ዙሩ ሲሶ ያህል ይሰፋል። ሸለቆ ውስጥ ገብቶ፣ ጉሙ ከፊት ዘግቶ፣ ግድግዳው ከግራ ከቀኝ ሲጠብ «ልዙር» ማለት ዋጋ የለውም፤ ቦታው አልቋል። ስለዚህ ጀግናው ከኋላው ሰማዩ ገና ክፍት ሳለ የሚዞረው ነው። ከመነሣቱ በፊት «ይህን ያህል ካላየሁ፣ እዚህች ጋ ስደርስ ካልጠራልኝ፣ እመለሳለሁ» ብሎ ቁጥር የቆረጠ፣ የአየር ትንበያውን የጠየቀ፣ ሌላ ማረፊያ የያዘ፣ የሚያዞረው ነዳጅ የጫነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቁጥሩን መሬት ላይ ያልቆረጠ ሰው አየር ላይ ለራሱ ይደራደራል።

ሳያስበው ደመና ከዋጠውስ? ዓይኑን ወደ መሣሪያው ይመልስ፣ ክንፉን ያቃና፣ ሰውነቱ የሚለውን አይስማ፣ ቀስ ብሎ ወደመጣበት ይዙር፣ ለተቆጣጣሪውም ሳያፍር «ደመና ውስጥ ነኝ፤ እርዱኝ» ይበል። ኀፍረት ይሻራል፤ ጉና ግን አይሻርም።

«ታዲያ ሳንደርስ ተመለስን ብለን ነው የምናወራው?»

አዎ፣ ጮክ ብላችሁ አውሩት! ሥራ አስኪያጁ የተመለሰውን አብራሪ «ነዳጅ አቃጠልክ» ብሎ ከተቆጣ፣ የሚቀጥለው አብራሪ አይመለስም። ኃላፊው «እከሌ እኮ ደርሶ ነበር» ብሎ ካወዳደረ፣ የሚቀጥለው ይገባል። ተሳፋሪው ካጉረመረመ፣ የሚቀጥለው ይደፍራል። ደመናውን ማናችንም አናዝዘውም፤ አብራሪው ላይ የሚጫነውን ግፊት ግን የፈጠርነው እኛ ነን፣ ልናነሣለትም እንችላለን። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ያለ ቅጣት የመመለስን መብት በጽሑፍ ይስጠው፤ ባለሥልጣኑ ቀጠሮውን ያሸጋሽግ፤ ቤተሰቡ እራቱን ያቆይ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ሰማይ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም። ሳይደርስ የተመለሰ አብራሪ ከበሩ ሲወርድ «ምን ሆነህ ነው?» አትበሉት። «እሰይ፣ አደረግኸው!» በሉት፤ ከዚያ ነገ ሲጠራ አብራችሁት ሂዱ።